ዘጠኝ ጊዜ ጉንፋን

ለተከበሩ የጤና መረጃ ጥራት አስተባባሪያችን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ተዘጋጅቶ የተላከልኝን መልስ ያልፈረምኩበትን ምክንያት ስለ መግለጽና ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ደረትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም? ሳል አያስቸግርዎትም? የማያስቸግርዎ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የሚያስቸግርዎ ከሆነም ፈጽሞ አይጨነቁ፤ እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ጉንፋን ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ በጉንፋን ደግሞ የሚሞት ሰው በሪፖርታችን ስለሌለ፣ እርስዎም ከማንኛውም አደጋ ነጻ ነዎት።

የሌላውን ጉድ ከመዘርዘሬ በፊት የራሴን ላውጣ። ንስሐ አባቴ እንኳን ያልሰሙት ነው፤ ያልነገርኳቸውም ፈርቼ ሳይሆን “የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፣ ኃጢአት አይደለም” ብዬ ራሴን አሳምኜ ስለነበር ነው። ባለቤቴ ብርሃንነሽ በከተማችን የቡና መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በለቀማ ሠርታለች፤ ማለትም መሬት ላይ ተቀምጣ ገለፈቱ ከወለቀው ቅሽር ቡና ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን በእጇ ስትለይ ኖራለች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳል ያዛት። ወደ ጤና ጣቢያችን ዘጠኝ ጊዜ መጣች፤ ዘጠኝ ጊዜ ካርዷ እኔ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ዘጠኝ ጊዜም በዚህ እጄ ጉንፋን ብዬ መዘገብኩት። ስድስቱን ጊዜ የሐኪሙ ጽሕፈት አልነበብ ብሎኝ ነው። ሦስቱን ጊዜ ግን አንብቤዋለሁ።

ሥራዬን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እኔ ቱሉ እባላለሁ፤ በጅማና በአሰንዳቦ መካከል ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ኮድ ሰጪ ነኝ። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ የበሽታውን ስም ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ እኔ ካርዱን ተቀብዬ ስሙን ወደ ቁጥር እለውጣለሁ፤ ቁጥሩ በወር መጨረሻ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ወደ እርስዎ ይሄዳል፤ እርስዎም ቁጥሩን አይተው የአካባቢው ሰው በምን እንደሚታመም ያውቃሉ። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልና የዘጠኝ ወር ሥልጠና ነው። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በፈረንጅ አፍ የተጻፈውን “አቧራ” የሚል ቃል ለማንበብ በቂ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሊዮል የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ተመድቦልን መጣ፤ ጽሕፈቱ እንደ ማኅተም የጠራ ነው። ብርሃንነሽን ለሰባተኛ ጊዜ ያያት እሱ ነበር። ሕመሟ ከቡና አቧራ የመጣ እንደሆነ፣ ከአቧራው እንድትርቅ፣ ለደረት ምርመራም ጅማ እንድትሄድ ነገራት፤ ካርዱ ላይም ይህንኑ ጻፈ። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች የሰማችውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። “ያ ልጅ አቧራ ነው ይላል፤ ሥራ ቀይሪ ይላል። አንተ ባለ ካርዱ ምን ትላለህ? ካርዱ ምን ይላል?” አለችኝ። “ካርዱማ ጉንፋን ይላል” አልኳት። “ልጅ ነው፤ አዲስ ተመራቂ ሁሉ ነገር ትልቅ በሽታ ይመስለዋል።” ሳቀች፤ ሳቋን ሳሉ ቀማት። “እንግዲያው ይሄ ጉንፋን ከአንተ ይልቅ ወዶኛል፤ ዓመት ሙሉ ካልጋዬ አልወርድ አለኮ!” አለችኝ። ጅማም አልሄደች። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ቀበርኳት።

ለምን እንዲያ አልኳት? እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። እውነቱን ስፈትሸው ግን እሱ አይደለም። ሰባተኛውን ካርድ ጉንፋን ብዬ የመዘገብኩት በዚያው ቀን ጠዋት ነበር፤ ከመዘገብኩት ነገር ጋር ቤቴ ድረስ ገብታ የምትከራከረኝ ሰው አልፈለግሁም። ይኸው ነው። ሰው የራሱን ሚስት ትቶ የራሱን ሪፖርት ያምናል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

ስለ ራሴ ይህን ያህል ካልኩ፣ አሁን ለክቡርነትዎ ወዳለብኝ ምስጋና እሻገራለሁ፤ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ስለ አጭሩ ዝርዝር አመሰግናለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ከመስታወቱ ሥር የተቀመጠው ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ሠላሳ ሁለት ረድፍ አለው፤ በዚህም መሠረት የአካባቢያችን ሰው በሠላሳ ሁለት ዓይነት ብቻ እንዲታመም ተፈቅዶለታል። ሰባተኛው ረድፍ ጉንፋን ነው። ፈጣሪ ሰውን ሲሠራ ብዙ ያበዛውን ነገር ክቡርነትዎ በአንድ ገጽ ስላሳጠሩልን ሥራችን እጅግ ቀለለ። በቡና ከተማ ለቡና አቧራ ረድፍ አለመኖሩን አንድ ጊዜ በ2010 ዓ.ም. በትሕትና ጽፌ ጠይቄ ነበር፤ መልሱ ከሰባት ወር በኋላ መጣ፤ “ዝርዝሩ በባለሙያዎች የተጠና ስለሆነ በነበረው ይቀጥል” ይላል። ባለሙያዎቹ እነማን እንደሆኑ ባላውቅም ቡና እንደሚጠጡ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛ፤ “ያልታወቀ” የሚለውን ስላጠፉልን አመሰግናለሁ። በ2011 ዓ.ም. ሁላችንንም አዳራሽ ሰብስበው፣ ያልታወቀ ተብሎ የሚመዘገብ ካርድ ከመቶ ከሁለት እንዳይበልጥ፣ ከበለጠም የጤና ጣቢያው ደረጃ እንደሚወርድ ሲያስታውቁ “ያልታወቀ የሚባል በሽታ የለም፤ ያልታወቀው ሠራተኛው ነው!” ብለው ነበር። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ለዚያውም ፊት ወንበር ላይ ሆኜ። ከዚያ ቀን ወዲህ በከተማችን የማይታወቅ ነገር ጠፋ። ሐኪሙ ቸኩሎ የሞነጫጨረው፣ ብዕሩ ደርቆ ግማሹ የቀረው፣ ዝናብ የነካው ካርድ ሁሉ ሰባተኛው ረድፍ ውስጥ ገባ። ሐኪሙን ለምን አልጠየቅህም ይሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ካርድ ይዤ አንዱ ጋ ብሄድ፣ የተሰለፈውን ሰው በእጁ እያሳየኝ “አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛ ልይ ወይስ ለአንተ ፊደል ላስቆጥር?” አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሄጄ አላውቅም። ይሄ የእኔ ኩራት ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ በእኔ ይመዝገብ።

ሦስተኛ፤ የምስክር ወረቀቱን እንዴት እረሳዋለሁ! “የመረጃ ጥራት አርአያ” ተብዬ በ2014 ዓ.ም. ከእጅዎ ተቀብያለሁ፤ ፎቶም ተነሥተናል፤ በፎቶው ላይ ክቡርነትዎ ካሜራውን ሲያዩ እኔ ደግሞ እርስዎን አያለሁ። ብርሃንነሽ አስከፍፋ ሳሎናችን ሰቀለችው። ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች “የባሌ ወረቀት” ትለው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም ቡና ሳይቀርብ በፊት እሱ ነበር የሚቀርበው። ሽልማቱ የተሰጠበት ሩብ ዓመት እሷ ለሰባተኛ ጊዜ የመጣችበት፣ እኔም አንብቤ እንዳላነበበ ሰው ያለፍኩበት ነው። በዚያ ሩብ ዓመት ያልታወቀ ብለን የመዘገብነው ካርድ ዜሮ ነበር። ዜሮ! ክቡርነትዎ መድረክ ላይ ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ደግመው አንብበውታል።

አራተኛ፤ ስለ ትልቁ መጽሐፍ። ዓለም ሁሉ ለበሽታ ቁጥር የሚሰጥበትን ወፍራም መጽሐፍ አንድ ቅጂ ልከውልን ነበር። እንዳይበላሽ በማለት ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት፣ በየዓመቱ በንብረት ቆጠራ “አዲስ፣ ያልተነካ” እየተባለ ሲመዘገብ ኖሯል። በዚህ ጥቅምት አስከፍቼ ገለጥኩት። የመተንፈሻ አካል ምዕራፍ ውስጥ የጥጥ አቧራ የሚያመጣው ሕመም አለ፤ የተልባ አቧራ የሚያመጣው አለ፤ ቀጥሎ የሌላ የዕፅዋት አቧራ የሚያመጣው አለ። ቁጥር አለው። በሰው አገር ጥጥ የሚፈትል ሰው ሳል ቁጥር ሲያገኝ፣ ቡናውን ጎንበስ ብላ የምትለቅም ሴት ሳል ደግሞ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ እዚያው የክትባት ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ውኃ አመጣልኝ፤ ጉንፋን ነው አልኩት። ልማድ ክፉ ነው።

አምስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ነሐሴ አርባ ሦስት የመጋዘኑ ለቃሚ ሴቶች በጣት አሻራቸው ማመልከቻ አስገቡ። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ ስርቆት ይከላከላል ተብለው በምስማር የተመቱት መስኮቶች እንዲከፈቱ፤ እነሱ ተቀምጠው ሳለ የቡናው ገለፈት በደረቁ እንዳይጠረግ፤ ሳል የጠናባቸውም ከአዳራሹ ወጥተው ደጅ ከረጢት ስፌት ላይ እንዲመደቡ። ከፊት የቀደመችው ዘይቡ የምትባል፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ለአሥር ዓመት ከብርሃንነሽ ጎን ተቀምጣ የለቀመች ሴት ናት፤ ስሟንም ሆነ ነገሯን የምጽፈው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ስማችንን አጠፉ ብሎ ተቆጣ፤ ሕመሙ እውነት ከሆነ ጤና ጣቢያው ያረጋግጥ፣ ካልሆነ ግን ዘይቡን ከነግብረ አበሮቿ አሰናብታለሁ አለ። ነገሩ ወደ ክቡርነትዎ ደረሰ። ክቡርነትዎም እንደ ልማድዎ ሥራችንን ሊያቀሉልን፣ ጥቅምት 12 ቀን ጥያቄውን ከነመልሱ አያይዘው ላኩልን። መልሱ ሁለት መስመር ነው፦ ባለፉት አምስት ዓመታት በጤና ጣቢያችን ከቡና አቧራ ጋር የተያያዘ ሕመም አለመመዝገቡን እናረጋግጣለን ይላል። ከሥሩ ስሜ ተጽፏል፤ የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ውሸት የለበትም። አልተመዘገበም፤ እውነት ነው። ያልመዘገብኩት እኔ ነኝ። ብዕሬንም አንሥቼ ነበር፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ከጻፍኩ በኋላ ነው በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል ሳል የሰማሁት።

ዘይቡ ነበረች። “አሰላሙ ዐለይኩም ጋሽ ቱሉ፤ አንድ ነገር ላስቸግርህ” አለችኝ። “ካርዴ ምን ይላል?” የጀመርኩትን ፊርማ በክንዴ ሸፈንኩት። እሷም ቀጠለች፦ “ብርሃንነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምን ትለን እንደነበር ታውቃለህ? ‘የእኔ ባል ካርድ ክፍል ነው፤ እሱ አለ ካለ አለ፣ የለም ካለ የለም’ ትለን ነበር። ያ ልጅ ሐኪም ለእኛም አቧራ ነው ብሎን ነበርኮ። እሷ ግን ‘ቱሉ ካርዱን አይቶታል፣ ጉንፋን ነው’ ስትለን ወላሂ ሁላችንም ጉንፋን ነው ብለን ተቀመጥን። ዝንጅብል ስናፈላ ከረምን።”

ክቡር ሆይ፤ እኔ ለአንዲት ሴት የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የዋሸሁት ለለቀማው ረድፍ ሙሉ ነው። ሚስቴ ቃሌን እንደ ማዕድ ተሸክማ ወስዳ ከጎኗ ለተቀመጡት አካፍላዋለች።

ካርዱን ከመደርደሪያ አውርጄ በመስኮቱ በኩል እየተረጎምኩ አነበብኩላት፤ እንደተጻፈው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። አራት ጊዜ መጥታለች፤ ሦስቱ የሊዮል ጽሕፈት ነው፤ ሦስቱም አቧራ ይላል። “ያ ረቢ!” አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ለረዥም ጊዜ ሳለች። ስትጨርስ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ አልሰደበችኝም፤ “ማል ጎና፣ ጋሽ ቱሉ? ምን እናድርግ?” ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናድርግ አለችኝ፤ እኔንም ከእነሱ ቆጥራ።

መልሱ ስለዘገየብዎ በማግሥቱ ራስዎ ስልክ ደወሉ። ለዚህም ድካምዎ አመሰግናለሁ፤ ሚስቴ ስትሞት እንኳን አልደወሉም ነበርና። “ስማ ቱሉ፣ አንተ ኮድ ሰጪ ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም፤ የተላከልህን ፈርመህ ላክ” አሉኝ። በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው አንተ ብለው ሲጠሩኝ ወጣትነት ተሰማኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተናገሩትም ልክ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐኪም ሆኜ አቧራውን ጉንፋን፣ ያልተነበበውን ጉንፋን፣ የሚስቴን ሞት ጉንፋን ስል “ሐኪም አይደለህም” ያለኝ አልነበረም፤ አርአያ ተባልኩ እንጂ። የሐኪሙን ቃል ወደ ቦታው ልመልስ ስል ነው ማንነቴ የታወሰው! ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በወረቀት ላይ የተጮኸ ለጆሮ አይከብድም።

እንግዲህ ማድረግ ያለብኝን እርስዎ ባሠለጠኑኝ ደንብ አደረግሁ። ደንባችን እንደሚያዝዘው የተሳሳተ ምዝገባ አይፋቅም፤ ቀለምም አይፈስበትም። ስሕተቱ እንደሚነበብ ሆኖ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፤ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፋል፤ ቀን፣ ፊርማና የእርማቱ ምክንያት ይሰፍራል። የሥራ ባልደረባዬ ከውሰር ካርዶቹን ከመደርደሪያ እያወረደች፣ ሊዮል የራሱን ጽሕፈት እያረጋገጠ፣ ካመለከቱት ሴቶች በጤና ጣቢያችን በሳል የታዩትን የሠላሳ አንዱን ካርድ አንድ በአንድ አየናቸው። አንድ መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ተብለዋል። ከዚህ ውስጥ ሃምሳ አራቱ አቧራ ነው፤ በትልቁ መጽሐፍ ቁጥር ወደ አቧራ መልሻቸዋለሁ። ስድሳ አራቱ እስከ ዛሬም አልተነበቡም፤ እነሱን “ያልታወቀ” ብያቸዋለሁ። ያልታወቀው ሠራተኛው ነው ያሉት ይኸውልዎ፤ ታወቀ። ደረጃችን ወርዷል፤ አረጋግጠው እንዲያወርዱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሊዮል ሥራው መሐል ላይ ብዕሩን አስቀምጦ “ጋሼ፣ እኔኮ አራት ዓመት ሙሉ ለግድግዳ የምጽፍ ነበር የሚመስለኝ” አለኝ። ግድግዳው እኔ እንደነበርኩ ነገርኩት። ከውሰር ቀና ብላ አየችኝና “ግድግዳስ እንዲህ አያልበውም” አለች። ሳቅን። በዚያ ክፍል ከሳቅን ቆይተን ነበር።

እያንዳንዷ ሴት የራሷን ካርድ ቅጂ ወስዳለች፤ ታካሚ የራሷን መረጃ የማግኘት መብት እንዳላት የሚገልጸው ወረቀት ከክቡርነትዎ ቢሮ የመጣና በራችን ላይ የተለጠፈ ስለሆነ፣ አንድ ቀን የሚያነበው ሰው ይመጣል ብለው እንደለጠፉት እገምታለሁ። ዘይቡም ቅጂዋን በፕላስቲክ አስለብጣ ለመጋዘኑ ባለቤት ልታሳይ ሄዳለች። ያሰናብታት እንደሆነ ገና አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፦ ከእንግዲህ ስም አጥፊ ሊላት አይችልም። የላኩልኝን መልስ ሳልፈርም ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ በስሜ የመጀመሪያ ፊደል ላይም በደንቡ መሠረት አንድ መስመር ተሰምሮበታል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ መጋዘኑ ሩቅ አይደለም። መኪናዎን ደጅ አቁመው፣ የለቀማው ረድፍ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ መሬት ይቀመጡ፤ ሴቶቹ እንግዳ አክባሪዎች ናቸው፣ ቦታ ይለቁልዎታል። ሲወጡ የሚስሉት ነገር በሠላሳ ሁለቱ ረድፍ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ቢነግሩን እጅግ እንማርበታለን።

ሁሉ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። አንድ ካርድ ቀርቷል። የሞቱ ሰዎች ካርድ ለብቻው ከታችኛው መደርደሪያ ነው የሚቀመጠው። ከውሰር ልታወርደው ጎንበስ ስትል “እሱን ተዪው” አልኳት። የሠላሳ አንድ ሴቶችን ካርድ ያለ ፍርሃት ገልጬ የአንዷን መንካት አቃተኝ። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከበሩ አላለፍኩም፤ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሜ ተመለስኩ። ለእግዚአብሔር የማልነግረው ነገር የለኝም እል ነበር፤ አንድ የበሽታ ስም ግን ነበረኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጁን ጠርጎ፣ በሽታ ይራቅ ብሎ ጥራጊውን ሲያቃጥል በመስኮት እያየሁ። የቀድሞ ሰዎች መረጃ ጥራት የሚባል ነገር ሳያውቁ በሽታ ከጥራጊ ጋር ዝምድና እንዳለው ጠርጥረው ነበር። ማን ነገራቸው?

ለክቡርነትዎ ረዥም ዕድሜ፣ የጠራ ሳንባ፣ በየሩብ ዓመቱ የሚያምር ቁጥር፣ ቁጥሩን የሚጠራጠር ሚዛናዊ ልብም ጨምሮ ይስጥዎ እያልኩ፣ በቀረችኝ የሁለት ዓመት የአገልግሎት ዘመን፣ ካላሰናበቱኝ፣ በታማኝነት ላገለግል ቃል በመግባት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ገለቶማ፤ አመሰግናለሁ።

ቱሉ
የቀድሞው የመረጃ ጥራት አርአያ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአርባ ሦስቱ ለቃሚዎች (ዘይቡ ፊደል በቆጠረ ሰው ጮክ አድርጋ እንድታስነብብላቸው)
ለመጋዘኑ ባለቤት
ለንስሐ አባቴ

ማስታወሻ፦ የምስክር ወረቀቱን ከነክፈፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። መስታወቱ አቧራ ይዟል፤ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚወለውለው ሰው የለም። ሲወለውሉት አፍዎን ሸፈን ያድርጉ።

ሁለተኛ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ሦስት ቀን ቆየ። ዛሬ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም በገባበት ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከታችኛው መደርደሪያ የብርሃንነሽን ካርድ ራሴ አወረድኩ። ዘጠኙ ጉንፋን ላይ ዘጠኝ መስመር አሰመርኩ። በስድስቱ አጠገብ “ያልታወቀ” ብዬ፣ በሦስቱ አጠገብ የአቧራውን ቁጥር ጻፍኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤ ሙሉ ስሜን ፈረምኩ። በሦስቱ፣ “የእርማቱ ምክንያት” በሚለው ቦታ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ “ኮድ ሰጪው አንብቦት ነበር።”